ቪንሰንት ኮምፓኒና ያልተመዘነበት ሚዛን፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የባየርን ሙኒክን የ2024/25 የውድድር ዓመት የሚገመግም አንድ ጽሑፍ አንብቤ በዝምታ ለማለፍ ብሞክርም አልቻልኩም። ጸሐፊው እግር ኳስን የሚከታተል ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ብዕሩም ቀና ነው። ፍርዱ ግን ገምድል ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አሰልጣኙ ኮምፓኒ ከእንግሊዙ ክለብ ከበርንሌይ ጋር ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ ሳለ ባየርንን ያገኘው ሌሎች አሰልጣኞች እምቢ ስላሉ ነው፤ ቡንደስሊጋውን (የጀርመንን ሊግ) ያሸነፈው የቀደመው ዓመት ሻምፒዮን ሌቨርኩሰን ስለደከመ ነው፤ እነዚያን ተጫዋቾች የያዘ ማንም ሰው ዋንጫውን ያነሣ ነበር፤ ተከላካዮቹን እስከ ሜዳው አጋማሽ የሚገፋው አጨዋወቱ ግድ የለሽነት ነው፤ በጀርመን ዋንጫና በሻምፒዮንስ ሊግ መሰናበቱ ዓመቱን የውድቀት ዓመት ያደርገዋል፤ አንጋፋውን አጥቂ ቶማስ ሙለርንም ወደ ጎን ገፍቶታል።

ከእነዚህ ውስጥ በከፊል የምስማማበት አለ፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። የማልቀበለው ግን ጽሑፉ የቆመበትን መሠረት ነው። አንድ አሰልጣኝ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚመዘነው ምን ተረክቦ ምን ላይ እንዳደረሰ በማየት ነው። ጸሐፊው ያደረሰበትን ብቻ ቆጥሮ የተረከበውን ረስቷል። (የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከበርንሌይ ልጀምር፤ እኛ አገር ኮምፓኒን የምናውቀው በእንግሊዝ እግር ኳስ መስኮት ስለሆነ ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ያሳምናል። ማንቸስተር ሲቲን በአምበልነት ሲመራ ያጨበጨብንለት ሰው በ2023/24 ከበርንሌይ ጋር 24 ነጥብ ብቻ ይዞ፣ 19ኛ ሆኖ ወረደ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ በግንቦት 2024 ባየርን ሲሾመው ከአውሮፓ እስከ አዲስ አበባ ያልተሳለቀ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ያው አሰልጣኝ ያንኑ ክለብ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በ101 ነጥብ የሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮን አድርጎት ነበር። ጸሐፊው 24ቱን ነጥብ ሁለት ጊዜ ሲጠቅስ 101ዱን አንድ ጊዜም አላነሣም። በርንሌይ ሲወርድ የተጫወተው ወደ ላይ በወጣበት መንገድ ነበር፤ ኳስን ከኋላ እየመሠረተ። የተጫዋቾቹ አቅም ግን ለዚያ ሊግ አልበቃም። ይህ የአሰልጣኙ ግትርነት ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ችሎታ የለውም የሚለው ግን ከዚህ አይወጣም። በአነስተኛ ክለብ የሚያሰምጥ ሐሳብ ትልቅ ክለብ ሲያገኝ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ባየርንም የገዛው ያንን ሐሳብ ነበር።

ሌሎች እምቢ ስላሉ መጣ የተባለው እውነት ነው። ዣቢ አሎንሶ በሌቨርኩሰን እንደሚቆይ አስታወቀ፤ ዩሊያን ናገልስማን ከጀርመን ብሔራዊ ቡድን ጋር ውሉን አራዘመ፤ ራልፍ ራንግኒክ ኦስትሪያን መረጠ፤ ስንብቱ አስቀድሞ የተነገረው የባየርን አሰልጣኝ ቶማስ ቱኸል እንዲቆይ የተደረገው ንግግር እንኳ ሳይሳካ ቀረ። ግን ይህ ታሪክ የሚመሰክረው ስለ ማን ነው? ስለ ክለቡ ነው። ያን ያህል ሰው ተጠይቆ የሸሸው ወንበር ምቹ ወንበር አልነበረም። ኮምፓኒ የተቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ጸሐፊው ይህንን እንደ ነውር ያቀርበዋል፤ እኔ ሥራውን ያከበደ ነገር አድርጌ አየዋለሁ።

አሁን ወደ ተረከበው ቤት እንግባ። በ2023/24 ባየርን 72 ነጥብ ይዞ ከሌቨርኩሰንና ከሽቱትጋርት ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነ። በሊጉ ስምንት ጊዜ ተሸንፎ 45 ግብ ተቆጠረበት። በጀርመን ዋንጫ በሦስተኛው ሊግ ይጫወት በነበረው ዛርብሩከን 2 ለ 1 ተሸንፎ በሁለተኛው ዙር ወጣ። አጥቂው ሃሪ ኬን በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። ሙሲያላም፣ ኪሚሽም፣ ግብ ጠባቂው ኖየርም፣ ኡፓሜካኖም፣ ኪም ሚን ጄም ነበሩ። ስለዚህ «በእነዚህ ተጫዋቾች ማንም ያሸንፋል» ለሚለው አባባል መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በፊት በእነዚሁ ተጫዋቾች አልተሸነፈም እንዴ? ሦስተኛ የወጡት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ማይክል ኦሊሴ ከክሪስታል ፓላስ፣ ዣኦ ፓሊኛ ከፉልሃም፣ ሂሮኪ ኢቶ ከሽቱትጋርት መጡ፤ ማታይስ ደ ሊኽትና ኑሴር ማዝራዊ ደግሞ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄዱ። የመጡት ሁሉ እኩል አልጠቀሙም፤ ኢቶ አብዛኛውን ዓመት በጉዳት አሳለፈ፤ ፓሊኛም ቋሚ ቦታ አላገኘም። ከአዲሶቹ ቡድኑን በእውነት የለወጠው ኦሊሴ ነው፤ ያን ልጅ በቀኝ መስመር ላይ ነጻ አድርጎ መልቀቅም የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

ከነባሮቹ መካከል የኪሚሽ ጉዳይ ለእኔ የዓመቱ ቁልፍ ነው። በ2023/24 የውድድር ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ ቀኝ ተከላካይነት ተገፍቶ፣ ከክለቡ ሊለቅ ነው እየተባለ በሰፊው ይወራ ነበር። ኮምፓኒ መልሶ ወደ አማካይ ክፍሉ መሃል አመጣው፤ ጨዋታው ሁሉ በእርሱ እግር ሥር እንዲያልፍ አደረገ። በመጋቢት 2025 ኪሚሽ እስከ 2029 የሚያቆየውን ውል ፈረመ። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብለው ሙሲያላና አልፎንሶ ዴቪስ እስከ 2030 ፈርመዋል። ውል የሚፈረመው ለአሰልጣኝ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም አለበት። ሆኖም የተከፋፈለ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች በተከታታይ ወራት ብዕር አያነሡም።

ሌቨርኩሰን ደከመ የሚለው ነጥብ ደግሞ በቁጥር የሚፈታ ነው። ባየርን 82 ነጥብ ሰበሰበ፦ 25 ድል፣ 7 አቻ፣ 2 ሽንፈት። ሌቨርኩሰን በ69 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ። በ2023/24 ሌቨርኩሰን ሳይሸነፍ 90 ነጥብ እንዳገኘ አውቃለሁ፤ 82ቱ በዚያ ዓመት ዋንጫ አያስገኝም ነበር፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው። ግን ያ ዓመት በጀርመን እግር ኳስ ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነው፤ የሁሉ ነገር መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከዚያ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት እንይ። ባየርን ሻምፒዮን የሆነባቸው ነጥቦች ከ2018/19 ጀምሮ በቅደም ተከተል 78፣ 82፣ 78፣ 77 እና 71 ናቸው። የኮምፓኒ የመጀመሪያ ዓመት ከአምስቱ ከአራቱ በልጦ ከአንዱ ጋር እኩል ነው። ከአንዱ ማለት ደግሞ በ2019/20 ሦስቱንም ዋንጫ ከወሰደው የሃንሲ ፍሊክ ቡድን ጋር ነው።

ሌቨርኩሰንም ቢሆን እንደሚባለው አልፈራረሰም። በ34 ጨዋታ የተሸነፈው ሦስት ብቻ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ የውድድር ዓመት አምስት ጊዜ ተገናኝተዋል። በሊጉ 1 ለ 1 እና 0 ለ 0 ተለያዩ፤ በጀርመን ዋንጫ ሌቨርኩሰን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በሻምፒዮንስ ሊግ ግን ባየርን 3 ለ 0 እና 2 ለ 0 አሸንፎ ጣለው። የየካቲቱን 0 ለ 0 ያየ ሰው ሌቨርኩሰን ደክሟል ብሎ ሊጽፍ አይችልም። በዚያ ምሽት አሎንሶ ኮምፓኒን በሁሉም ነገር በልጦት ነበር፤ ባየርን ነጥብ ይዞ መውጣቱ ራሱ ያስገርም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ባየርን ያንኑ ሌቨርኩሰን በድምር 5 ለ 0 አሰናበተ። ስህተቱን ተምሮ የሚመለስ አሰልጣኝ ማለት ይህ ነው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠንም።

ስለ አጨዋወቱ የተነሣው ክስ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል፤ በብዙዎች ዘንድም የሚደጋገም ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ።

የኮምፓኒ ባየርን ኳስ ሲያጣ ወደ ኋላ አይሮጥም። እያንዳንዱ ተጫዋች በአቅራቢያው ያለውን ተጋጣሚ ይይዛል፤ ኳሱ የተቃራኒ ግብ ጠባቂ እግር ሥር ሳለ እንኳ ሰው ለሰው ይያያዛሉ። ይህ እንዲሠራ ሁለቱ የመሃል ተከላካዮች እስከ ሜዳው አጋማሽ መውጣት አለባቸው፤ ካልወጡ በአማካዩና በተከላካዩ መካከል ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። አደጋው ግልጽ ነው። ከፊት ያለው ጫና አንዲት ሰከንድ ከዘገየ፣ ኳስ የያዘው ሰው ቀና ብሎ አይቶ ረጅም ኳስ ይልካል፤ ከኡፓሜካኖና ከኪም ጀርባ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። አስቶን ቪላ 1 ለ 0 ያሸነፈው እንዲህ ባለች አንዲት ኳስ ነው፤ ጆን ዱራን ከመስመሩ በወጣው ኖየር አናት ላይ አሳልፎ አስቆጠረ። ባርሴሎና በጥቅምት 4 ለ 1 ሲቀጣቸው፣ ራፊኛም ብቻውን ሦስት ግብ (ሐትሪክ) ሲያስቆጥር፣ መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። በጥር ፌይኖርድ 3 ለ 0 ያሸነፈበትን ጨዋታ እያየሁ እኔም በንዴት ተነሥቼ ነበር። እነዚህ ሽንፈቶች እውነተኛ ናቸው፤ አልሸፍናቸውም።

ነገር ግን ጸሐፊው ከባርሴሎናው ጨዋታ በኋላ ምን እንደተከተለ ቢያይ ኖሮ ሌላ ነገር ይጽፍ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ባየርን ሰባት ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ፤ በሰባቱም ግቡ አልተደፈረም። ቦሁም 5 ለ 0፣ ማይንዝ በጀርመን ዋንጫ 4 ለ 0፣ ዩኒየን በርሊን 3 ለ 0፣ ቤንፊካ 1 ለ 0፣ ሳንክት ፓውሊ 1 ለ 0፣ አውግስቡርግ 3 ለ 0፣ ፓሪ ሳን ዠርማ 1 ለ 0። አስራ ስምንት አግብቶ አንድም አልተቆጠረበትም። የመጨረሻው ተሸናፊ የዚያ ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ነው። የመከላከል መስመሩ ወደ ኋላ አልተጎተተም፤ የተስተካከለው ከፊቱ ያለው ጫና ነበር፤ ኳስ የያዘው ሰው ቀና የሚልበት ጊዜ አጣ።

የዓመቱን ድምርም እንመልከት። በሊጉ የተቆጠረበት ግብ ከ45 ወደ 32 ወረደ፤ ከሊጉ ክለቦች ሁሉ ጥቂት ግብ የተቆጠረበት ቡድን ባየርን ነው። ያገባውም ከ94 ወደ 99 ወጣ። ግድ የለሽ የተባለው መስመር ወደ ኋላ ተስቦ ከሚጠብቀው ሁሉ የተሻለ ጠብቋል። አንድ ቡድን ወደ ፊት በመውጣቱ የሚቆጠርበት ግብ በዓይን ይገባል፤ ወደ ፊት በመውጣቱ ሳይቆጠርበት የሚቀረው ግን አይታይም። ኳሱ የተነጠቀው ከግቡ 60 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። ጸሐፊው የቆጠረው የሚታየውን ብቻ ነው።

በጀርመን ዋንጫ መውጣቱን በአጭሩ ልለፈው። በታኅሣሥ 3 ቀን ሌቨርኩሰን ላይ ማኑኤል ኖየር በ17ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በረጅም የጨዋታ ዘመኑ የመጀመሪያው ነው። ኬንም በጉዳት አልነበረም። አሥር ሰው ይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫውቶ በአንድ ግብ መሸነፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በሊጉ ከደረሱት ሁለት ሽንፈቶች እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የመጋቢቱ ነው፤ በሜዳው ቦሁምን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ፓሊኛ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ 3 ለ 2 የተሸነፈው። ለሌቨርኩሰን ጨዋታ ሲል ያሳረፋቸው ተጫዋቾች በዝተው ነበር፤ ያ ስህተት የአሰልጣኙ ነው። የሚገርመው ጸሐፊው ይህን እውነተኛ ስህተት ትቶ ማንም ሊከላከለው ያልቻለውን የኖየርን ካርድ መምዘዙ ነው።

አሁን ወደ ሻምፒዮንስ ሊጉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የደጋፊውን ሐዘን በሚገባ ይዞታል፤ ፍጻሜው የሚደረገው በሙኒክ፣ በአሊያንዝ አሬና ስለነበር ቁጭቱ እጥፍ ነው። ሩብ ፍጻሜ ላይ በኢንተር ሚላን በድምር 4 ለ 3 መውጣት ያማል። ግን ማን ይዞ ገባ? ኖየር በመጋቢት መጀመሪያ ባቱ ላይ ተጎዳ። ዴቪስ ከካናዳ ጋር ሲጫወት የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ኡፓሜካኖ ከፈረንሳይ ቡድን በጉልበት ጉዳት ተመለሰ። ኢቶ የእግሩ አጥንት እንደገና ተሰበረ። ከመጀመሪያው የኢንተር ጨዋታ አራት ቀን አስቀድሞ ደግሞ ሙሲያላ አውግስቡርግ ላይ በጭኑ ጡንቻ ጉዳት ከሜዳ ወጣ። ግብ ጠባቂው፣ የግራ ተከላካዩ፣ የመሃል ተከላካዩና ቡድኑ የግብ ዕድል የሚፈጥርበት ልጅ አንድ ላይ የሉም። በግቡ መካከል የቆመው ዮናስ ኡርቢግ ያኔ 21 ዓመቱ ነበር፤ በጥር ከሁለተኛው ሊግ፣ ከኮሎኝ የመጣ። ኪም ለወራት የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ይጫወት ነበር። ወደ ግራ ተገፍቶ የተሰለፈው ዮሲፕ ስታኒሺች ነው።

በዚህ ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ ኬን ኳስ በግቡ ቋሚ ላይ መታ፤ ሙለር በ85ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በ88ኛው ደቂቃ ዳቪዴ ፍራቴሲ አስቆጠረና 2 ለ 1 ተሸነፉ። በሳን ሲሮ በኬን ግብ መርተው ላውታሮ ማርቲኔዝና የቀድሞ የባየርን ተከላካይ ቤንዣሚን ፓቫር አከታትለው አገቡባቸው፤ ኤሪክ ዳየር 2 ለ 2 አደረገ፤ ሦስተኛው ግን አልመጣም። ይህንን ውድቀት ብሎ ለመጥራት የዚያን ቡድን ስም ዝርዝር ሳያዩ መጻፍን ይጠይቃል። ጸሐፊው ስለ ጉዳቱ የጻፈው «ሁሉም ቡድን ጉዳት አለበት» በሚል አንድ ሐረግ ነው። ሁሉም ቡድን ጉዳት አለበት፤ ሁሉም ቡድን ግን ግማሽ የመከላከል ክፍሉን በአንድ ወር ውስጥ አያጣም። በሻምፒዮንስ ሊጉ የመጀመሪያ (የሊግ) ምዕራፍ 12ኛ ሆኖ ጨርሶ ከሴልቲክ ጋር ተጨማሪ ሁለት ጨዋታ ለማድረግ መገደዱን ቢወቅስ ኖሮ እቀበለው ነበር፤ ያ ድካም ከሌሊት ወደ ሌሊት ተጠራቅሟል፤ መነሻውም የፌይኖርዱ ሽንፈት ነው።

ስለ ሙለር የተጻፈው ግን ፍትሕ የጎደለው ነው። ከ25 ዓመት በኋላ ውሉ እንዳይታደስ የወሰነው የክለቡ አስተዳደር ነው፤ ሙለርም ውሳኔው የእርሱ ምኞት እንዳልነበረ በይፋ ተናግሯል። ኮምፓኒ ብዙ ጊዜ በተቀያሪነት እንደተጠቀመበት እውነት ነው፤ ሰውየው 35 ዓመቱ ነበር። ከባዱ ቀን ሲመጣ ግን፣ በሳን ሲሮ ለመልሱ ጨዋታ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያሰለፈው እርሱን ነው። የተገፋ ሰው በዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ላይ አይሰለፍም።

የቀረው በጽሑፉ መዝጊያ ላይ የሰፈረው፣ ዋንጫው ባየርን ሳይጫወት በሌሎች እጅ ተሰጠው የሚለው ነው። ግንቦት 3 ቀን ላይፕዚግ ላይ 2 ለ 0 ከተመሩ በኋላ ተነሥተው 3 ለ 2 መሩ፤ ሊሮይ ሳኔ ሦስተኛውን ሲያገባ በቅጣት የማይጫወተው ኬን ወደ ሜዳው ዳር ወርዶ ፍጻሜውን ይጠብቅ ነበር። በጭማሪው ሰዓት ዩሱፍ ፖልሰን አቻ አደረገውና በዓሉ ቀረ። በማግስቱ ሌቨርኩሰን ፍራይቡርግ ላይ 2 ለ 2 ተለያየ፤ ያኔ ሒሳቡ ተዘጋ። ጸሐፊው የቆጠረው ያቺን እሑድ ብቻ ነው። ከዚያች እሑድ በፊት ግን 32 የሊግ ጨዋታዎች ነበሩ፤ ነሐሴ ላይ ቮልፍስቡርግ ላይ ተመርቶ 3 ለ 2 ያሸነፈበት የኮምፓኒ የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታም ከእነዚያ አንዱ ነው። በ26 ግብ የሊጉ ከፍተኛ አስቆጣሪ የሆነው ኬን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ዋንጫ ግንቦት 10 ቀን በአሊያንዝ አሬና ሲያነሣ፣ ሙለር 13ኛውን የሊግ ዋንጫውን ይዞ ከጎኑ ቆሞ ነበር።